አራተኛዋን ቅጠል ማን ጨመራት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

መጋቢት 8 ስለ አየርላንዶች በዓል፣ ስለ ቅዱስ ፓትሪክ ቀን ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ፎቶውንም አየሁት። አረንጓዴ ባርኔጣ የደፋ፣ ቀይ ጺም የለጠፈ፣ በሁለት እጁ ቢራ የጨበጠ ድንክ። ባርኔጣው ላይ ባለ አራት ቅጠል ሣር ተሰክቷል። ከሥሩ «የአየርላንድ ብሔራዊ ምልክት» ብላችሁ ጽፋችኋል።

እዚህ አየርላንድ፣ ደብሊን ስኖር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ልጆቼም የተወለዱት እዚሁ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አራተኛዋን ቅጠል ከየት አመጣችኋት?

የአየርላንድ ምልክት የሆነችው ሣር፣ ሻምሮክ፣ ያላት ሦስት ቅጠል ነው። ቅዱስ ፓትሪክ ምሥጢረ ሥላሴን ያስተማረው በእሷ ነው ይባላል። አንድ ግንድ፣ ሦስት ቅጠል። አንድነትና ሦስትነት ሲባል እየሰማ ላደገ ሐበሻ ይሄ ምኑ ይከብዳል? ባለ አራት ቅጠሏ ሌላ ናት። የዕድል ምልክት ናት፤ ቁልፍ መያዣ ላይ ተለጥፋ የምትሸጥ። እናንተ ከባርኔጣ ነጋዴ ገልብጣችሁ የአገር ምልክት አደረጋችኋት።

ጎረቤታችን ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው። ልጆቼ «እማማ» ነው የሚሏቸው። የበዓሉ ዕለት ጠዋት በእርጥብ ሶፍት የጠቀለሉትን ሻምሮክ ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ። ሥሩ ላይ ገና አፈር አለ። በመርፌ ቁልፍ የልጆቼ ኮት ላይ ይሰኩና ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ። መጠጥ ሲቀምሱ አንድም ቀን አላየሁም።

«የመጠጥ በዓል» ብላችሁ ርዕስ ስትሰጡ እኚህንም ሴት ጨምራችሁ ነው። ሰው አይጠጣም አላልኩም። ይጠጣል፤ ማታ መሃል ከተማው ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ። ግን ቀኑ የሚውለው ጾማቸው ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ ከ1927 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ቀን መጠጥ ቤቶች በሕግ ዝግ ነበሩ። እዚህ ያለን ሐበሾች ይህን እንነግራችሁ ነበር። አንዳችንንም አልጠየቃችሁም።

ሰካራሙ አይሪሽ፣ ማለትም ሰካራሙ የአየርላንድ ሰው፣ የትናንት ፈጠራ አይደለም። በፈረንጆቹ 1871 ቶማስ ናስት የሚባለው ሠዓሊ አሜሪካ ውስጥ ሃርፐርስ ዊክሊ መጽሔት ላይ ሣለው። የዝንጀሮ ፊት ሰጠው፣ ጠርሙስ አስያዘው፣ የባሩድ በርሜል ላይ አስቀመጠው። ዛሬ እዚያው አገር ሱቆች «ዛሬ አይሪሽ፣ ነገ ሃንጎቨር (የስካር ማግስት ሕመም)» የሚል ቲሸርት ይሰቅላሉ። ኤንሸንት ኦርደር ኦፍ ሂበርኒያንስ የተባለው የአሜሪካ አይሪሾች ማኅበር እንዲህ ያለውን ዕቃ አንሱልን እያለ ስንት ጊዜ ጮኸ። ያንኑ ቲሸርት ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ለልጄ ይዞለት መጣ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ለካው፣ መስታወት ፊት ቆመና «አባዬ፣ እማማ ቢያዩኝስ?» አለኝ። አወለቀው። ከዚያ በኋላ ለብሶት አያውቅም።

እዚህ ሊፊ ወንዝ ዳር የረሃቡ ሐውልቶች አሉ። ከነሐስ የተሠሩ ከሲታ ሰዎች። አንዱ ሰው ትከሻው ላይ ልጅ ተሸክሟል። ከኋላቸው ውሻ ይከተላል። በፈረንጆቹ ከ1845 እስከ 1852 ድንቹን በሽታ መታው፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። የደሴቲቱ ሕዝብ ቁጥር ዛሬም ከረሃቡ በፊት ወደነበረበት አልተመለሰም። ናስት ዝንጀሮ አድርጎ የሣላቸው ከዚህ ሸሽተው የሄዱትን ነው። ሐውልቶቹን መጀመሪያ ያየሁ ቀን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ነው ያየሁት።

እኛም እኮ ተለጥፎብናል። እዚሁ ደብሊን፣ ሥራ ቦታ፣ የምሳ ዕቃዬን ስከፍት «እናንተ አገርም ምግብ አለ እንዴ?» ብሎ የሳቀ ሰው ነበር። እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን ፎቶ ለአርባ ዓመት አብሮን ዞሯል። አንድ ፎቶ አንድን ሕዝብ ምን እንደሚያደርገው ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በእኛው ቋንቋ፣ ለእኛው ሰው፣ የሌላውን ሕዝብ እንዲህ አድርጋችሁ ማቅረባችሁ ነው ያንገበገበኝ።

ማስተካከያ አውጡ። ፎቶውንም አንሱት። ዘንድሮ እማማ የሰኩላትን ሻምሮክ ትንሿ ልጄ ደብተሯ ውስጥ አድርቃ አስቀምጣዋለች። ፎቶዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ቅጠሎቿን ቁጠሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብሊን