ምን ላብላው ላልሽኝ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤተሰቡም ደህና ነው። ሥራ ነው፣ ልጅ ነው፣ ኑሮ ነው ስንል ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ እንጂ አንቺን ሳላነሳ የቀረሁበት ጊዜ የለም። መልእክትሽ ሲደርሰኝ ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። "ቡችላ ወስጃለሁ፤ ሲያድግ ግዙፍ ይሆናል አሉኝ፤ ምን ላብላው?" ይኸው ነው ያልሽው። ሌላውን ወሬ ሁሉ አቆይተሽ ስለ እሱ መጠየቅሽ ምን ያህል እንደወደድሽው ነገረኝ። እኔም ወሬዬን ላቆየውና በቀጥታ ወደ እሱ ልግባ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ምግብ ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከምርጫው በፊት መጠኑን አስቢ እልሻለሁ። የቤት ውሻን ዕድሜ ከሚያሳጥሩት ነገሮች አንዱ ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ሁሌም አስታውሰዋለሁ። 48 የላብራዶር ቡችሎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ እየመገቡ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። ምግቡ አንድ ዓይነት ነው፤ የተለያየው መጠኑ ብቻ ነው። ትንሽ የበሉት ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ብልጫ ኖሩ። የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ነው የመጣባቸው። ለአንድ ውሻ 2 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

ስለዚህ ሰፍሮ መስጠት ነው የሚበጀው። በኩባያ ሳይሆን በሚዛን፣ በግራም። ኩባያ አንድ ቀን ይሞላል፣ ሌላ ቀን ይጎድላል፤ ትርፉ ሲጠራቀም ነው የሚታየው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ልኩን የሚነግርሽ የራሱ ሰውነት ነው። አንድ እጅሽን ዘርጊና በሌላው እጅሽ ጣቶች የተዘረጋውን እጅሽን ጀርባ ዳበስ አድርጊ። አጥንቶቹ ይሰማሉ፤ ግን አልገጠጡም። የጎድን አጥንቱ ስትዳብሺው እንደዚያ ሊሰማሽ ይገባል። አሁን ደግሞ እጅሽን ጨብጪና አንጓዎቹን ዳብሺ። እንደዚያ ከቆረቆረሽ ከስቷል ማለት ነው። መዳፍሽን ገልብጠሽ ስትነኪው እንደሚሰማሽ አጥንቱ ሥጋ ውስጥ ከተደበቀ ደግሞ ወፍሯል። ከላይ ሆነሽ ስታዪው ወገቡ ገባ ማለት አለበት። እኔ ውሻዬን ቡቺን ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት እንዲህ እዳብሰዋለሁ። እሱ እንደ ፍቅር ነው የሚቆጥረው፤ እውነትም ፍቅር ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ከረጢቱ ላይ ያለው ሥዕልና ያማረ ቃል አያታልልሽ። የምትፈልጊው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው በደቃቁ ይጻፋል። ምግቡ "ሙሉና የተመጣጠነ" መሆኑንና ለየትኛው ዕድሜ እንደተዘጋጀ ይናገራል። "ተጨማሪ ምግብ" ወይም "ለመክሰስ" የሚል ከሆነ ብቻውን አያኖረውም።

ያንቺ ቡችላ ትልቅ ዝርያ ስለሆነ ይሄኛውን ነገር አደራ። "ለትልቅ ዝርያ ቡችሎች" የሚለውን ግዢ። ምክንያቱ ካልሲየም ነው። አድጎ የጨረሰ ውሻ ከምግቡ የሚወስደውን ካልሲየም መጠን መቆጣጠር ይችላል። ቡችላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይሄ ችሎታ ገና የለውም፤ በዝቶ ከመጣለት አብዝቶ ይወስዳል። ያኔ አጥንቱና መገጣጠሚያው ተዛብቶ ሊያድግ ይችላል። "አጥንቱ እንዲጠነክር" ብሎ የካልሲየም እንክብል ወይም የአጥንት ዱቄት የሚመክርሽ አይጠፋም። በቅንነት ነው የሚሉሽ፤ ግን አትስሚያቸው። ምግቡ ሙሉ ከሆነ በላዩ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ቶሎ እንዲተልቅም አትጣደፊ። ሲያድግ የሚደርስበት ቁመት በዘሩ የተወሰነ ነው፤ በብዛት ማብላት ያልጠኑ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ክብደት መጫን ነው።

ደረቁ ይሻላል ወይስ የታሸገው እርጥብ? ሁለቱም ይሆናል። ብቻ ስታወዳድሪያቸው ቁጥሩ እንዳይሸውድሽ። እርጥቡ ላይ ፕሮቲን 8 በመቶ፣ ደረቁ ላይ 26 በመቶ ተጽፎ ታያለሽ። ደረቁ በሦስት እጥፍ የበለጠ ይመስላል። ግን እርጥቡ 78 በመቶው ውሃ ነው። ውሃውን ብታወጪው የሚቀረው 22 ነው፤ 8ን ለ22 ስታካፍዪ 36 በመቶ ይመጣል። ደረቁ 10 በመቶ ውሃ ካለው ደግሞ 26ን ለ90 ነው፤ 29 በመቶ ገደማ። ተገለባበጠ አይደል? የግብዓት ዝርዝሩም እንደዚሁ ነው። የሚደረደረው ከነውሃው በክብደት ስለሆነ ብዙ ውሃ ያለው ጥሬ ሥጋ መጀመሪያ ላይ ቢሰለፍ አይግረምሽ።

እህል የሌለበት ምግብ ይበልጣል ለሚሉሽ፣ ውሻ ተኩላ አይደለም በያቸው። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ እህል ውስጥ ያለውን ስታርች የመፍጨት ችሎታው ከተኩላ በጣም በልጧል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአተርና በምስር የበዙ እህል አልባ ምግቦች ከልብ ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። ግንኙነቱ ቁርጥ ባለ መልኩ አልተረጋገጠም፤ እኔ ግን ያለምክንያት አልመርጠውም። ጥሬ ሥጋም አልሰጥም፤ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም ይተርፋል።

መክሰሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤት ውስጥ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ። 10 ኪሎ የሚመዝን፣ አድጎ የጨረሰ የተኮላሸ ውሻ በቀን 630 ካሎሪ አካባቢ ይበቃዋል። እንግዲህ መክሰሱ 63 ነው። አንዳንድ የውሻ ብስኩት አንዱ ብቻውን ይህን ያህል ሊይዝ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ሲጥልለት ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል አንቺው አስቢው። ዓይን ዓይንሽን እያየ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። መላው ይሄ ነው፦ ጠዋት የቀኑን ምግብ ስትሰፍሪ ከዚያው ላይ ጥቂት ቀንሰሽ በትንሽ ዕቃ አስቀምጪ። ማንም ሰው ቢሰጠው ከዚያ ይስጠው። ዕቃው ባዶ ሲሆን የዕለቱ አለቀ።

ስታለማምጂው ደግሞ ሽልማቱን የአተር ፍሬ ታህል አድርገሽ ቆራርሺው። ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደተሰጠው ነው፤ የቁራጩ ትልቅነት ብዙም አያሳስበውም። ለተራ ነገር የራሱ ደረቅ ምግብ ይበቃል። ስትጠሪው ሌላውን ሁሉ ጥሎ እንዲመጣ ለማስተማር ግን ያለ ጨው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ያዢ። ቡቺ ካሮትና ፎሶሊያም ይወዳል፤ ካሎሪያቸው ትንሽ ስለሆነ እኔም አልሰስትም።

የሚታኘክ ነገር ስትገዢ በጥፍርሽ ጫን አድርገሽ ሞክሪው። ካልጎደጎደ ለጥርሱ ጠንካራ ነው፤ ቀንድና ሰኮና የኋላ ጥርስ ይሰነጥቃል። የተቀቀለ አጥንት ጭራሽ አይሞከርም፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ከዚህ በታች ያለውን ለቤተሰቡ ሁሉ አንብቢላቸው። ቸኮሌት መርዝ ነው፤ ጠቆር ያለው የባሰ። ወይንና ዘቢብ ኩላሊት ያበላሻሉ፤ ይሄን ያህል ቢበላ ችግር የለውም የሚባል ልክ የላቸውም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬውም የበሰለውም ዱቄቱም፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል። ስለዚህ ከወጥ ድስት አይቅመስ። ያልተጋገረ ሊጥና አልኮልም አደገኛ ናቸው። ከሁሉ የምፈራው ዛይሊቶል የሚባለውን በስኳር ፈንታ የሚገባ ማጣፈጫ ነው። ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ አለ፤ አንዳንድ የለውዝ ቅቤ ውስጥም ይገባል። የውሻን የደም ስኳር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጥለው ይችላል፤ ጉበትም ይጎዳል። የለውዝ ቅቤ ከመስጠትሽ በፊት ግብዓቱን አንብቢ፤ "የበርች ስኳር" የሚለውም እሱው ነው። ከእነዚህ አንዱን ከበላ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቂ። በጨው ላስመልሰው እንዳትዪ፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። ወዲያው ሐኪም ጋ ደውዪ።

ምግብ ስትቀይሪ ቀስ በቀስ ይሁን፤ ከአዲሱ ሩብ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ እያልሽ ከ7 እስከ 10 ቀን ውሰጂ። አለዚያ ተቅማጥ ይይዘዋል። እስከ 6 ወሩ በቀን 3 ጊዜ አብዪው፤ ከዚያ በኋላ 2 ጊዜ። ግዙፍ ውሻን በቀን አንዴ ብቻ ብዙ ማብላት ሆዱ ተነፍቶ እንዲጠማዘዝ ሊያጋልጠው ይችላል፤ ያ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

አሁን ያለውን ክብደትና ዕድሜውን ጻፊልኝ። የምትሰጪውን ምግብ ማሸጊያም ከጀርባው ፎቶ አንስተሽ ላኪ፤ አብረን እናነበዋለን። ስሙንም አልነገርሽኝም። ያንቺን ወሬ ደግሞ በሰፊው እፈልጋለሁ፤ እናትሽ እንዴት ናቸው? እኔም የኔን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።

በጣም የምትናፍቂኝ
ጓደኛሽ