እታለም፣ የኅዳር ተራዬን ነገር ለምን ደበቃችሁኝ?

ይድረስ ለእህቴ ለእታለም፣ ደብረ ማርቆስ።

እታለም እንደምን ሰነበትሽ፣ እምዬስ ደህና ናት ወይ፣ ጉልበቷ እንዴት ሁኖላታል፣ ያ የሰጠኋት ቅባት ረዳት ወይስ ዝም ብላ ከሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች? ልጆቹስ? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ከተመለስኩ ይሄው ሦስተኛ ወሬን ያዝኩ፣ ሥራም ገብቻለሁ፣ እዚህ ዴንቨር ሚያዝያ ገብቶም በረዶው ሄደ ሲሉት ይመለሳል። በስልክ ስናወራ ሁሌ ደህና ነኝ ደህና ነኝ ብዬ እዘጋዋለሁ እንጂ የሆዴን አልነገርኩሽም፣ ስልክ ላይ እንባዬ ይቀድመኛል። ስለዚህ ሌሊት ሥራ ቦታ ብሬክ ሲሰጡን እየቆራረጥኩ ጻፍኩት፣ በቴሌግራም ስልክልሽ ልጅሽ ለእምዬም ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብላት።

የምጽፍልሽ ስለ ጥር 12 ነው። እናንተ ማርቆስ ቀርታችሁ እኔ ብቻዬን ወደ ልጅነት አገራችን ወደ ሮብ ገበያ የወጣሁ ቀን። ማታ ስመለስ "እንዴት ነበር?" ስትይኝ "ጥሩ ነበር" ብዬ ጋቢ ተከናንቤ የተኛሁት ደክሞኝ አይዶለም እታለም፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው፣ በማግስቱም ወደ አዲስ አበባ መነሳት ነበረብኝና ሳንጫወተው ቀረ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አገር ቤት ልመጣ ትኬት ስቆርጥ የፈራሁት እናንተን አልነበረም፣ እናንተን በቪዲዮም ቢሆን አይቻችኋለሁ። የፈራሁት ጓደኞቼን ነው። በ2000 ነሐሴ ዲቪ ደርሶኝ ስወጣ እስከ መነኸሪያ የሸኙኝን ልጆች በ15 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ደወልኩላቸው መሰለሽ፣ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ደህና ደወልኩ፣ ከዛ በበዓል ብቻ ሆነ፣ ከዛ ጭራሽ ቀረ። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው አይደል፣ መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ምን ፊት ይዤ ልግባ የሚለውን ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ያን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ወርዶ እስከ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ከጎኔ ያሉት እናት ዳዊታቸውን አልለቀቁም። እኔ ስወጣ ጃፓኖች እየሠሩት የነበረው የህዳሴ ድልድይ አልቆ ሰውና መኪና ይመላለስበታል፣ አሮጌው ከጎኑ ቁሟል። አሮጌውን ሳየው ነው ሆዴ የተላወሰ፣ የሄድኩት በሱ ላይ ነበራ።

እንግዲህ ጥምቀትን ከናንተ ጋር አሳልፈን በማግስቱ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን፣ የጓደኞቼ ማኅበርም በወር በወሩ በ12 ነው። አንቺ ነሽ "ዛሬ ሁሉንም አንድ ላይ ታገኛቸዋለህ ሂድ" ያልሽኝ። ያኔ ፊትሽን ልብ ብዬ ባይ ኖሮ አንድ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር።

ዳገቱ ላይ ሲደርስ ሚኒባሱ አቃሰተ፣ እኔም አቃሰትኩ። ዴንቨር 1600 ሜትር ላይ ስለሆነች ከፍታ የለመድኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ማርቆስ እንኳን 2400 ገደማ ናት፣ ወደ ጮቄ ሲጠጋማ ትንፋሽ አይገኝም። በልጅነታችን ያንን መንገድ ስንቅ ተሸክመን በእግር ነበር የምንመላለሰው። ትዝ ይልሻል፣ በ1989 ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ አራት ሁነን ማርቆስ ላይ አንድ ክፍል ቤት በወር 30 ብር ተከራየን፣ እኔ፣ ዲያቆኑ፣ ረጅሙና አሁን ልብስ ሰፊ የሆነው። ቅዳሜ ወጥተን እሁድ ስንቅ ይዘን እንመለሳለን። እንጀራው እስከ ረቡዕ ያደርሰናል፣ ሐሙስ ሻጋታ ይጀምረዋል፣ ሻጋታውን በቢላ ፍቀን ፀሐይ ላይ አስጥተን ድርቆሽ እናደርገዋለን፣ እሱም ሲያልቅ በሶ፣ በሶው ሲያልቅ የዲያቆኑ እናት ጊብጦ አለ። አባዬ የታመመ ዓመት ከቤት ስንቅ የሚመጣልኝ በየሁለት ሳምንቱ ነበር፣ ታስታውሻለሽ፣ አንቺም ትምህርት ያቆምሽው ያኔ ነው። ያን ዓመት ሙሉ ዲያቆኑ ስንቁን ሁለት ቦታ ሳይከፍል አንድ ላይ አድርጎ ነው የበላነው፣ አንድ ቀን እንኳን "የኔን በላህብኝ" አላለኝም።

ዲያቆኑ አሁን ቄስ ሁኗል። መንገድ ዳር ጥምጥሙን ጠምጥሞ ጃንጥላ ይዞ ቁሞ ጠበቀኝ፣ መጀመሪያ መስቀል አሳለመኝ፣ ከዛ ነው አንገቴን አንቆ የያዘኝ፣ ጢሙ ሽበት ገብቶበታል እታለም፣ እኩያዬ እኮ ነው። ቤት ስገባ የተቀመጡት ሁሉ "ኖር!" ብለው ተነሱ፣ "በእግዜር" ማለት እንኳን ረስቼ ደንዝዤ ቆምኩ። ከላይ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው እዛ ካልተቀመጥክ አሉኝ። ልብስ ሰፊው፣ ከኔ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሶ አራት ዓመት የተኛ ልጅ፣ "ይቀመጡ እንጂ" አለኝ። አንቱ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሊያከብረኝ ብሎ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ግን ያቺ ቃል ስትገባኝ እንደ እንግዳ እንጂ እንደ ጓደኛ እንዳልመጣሁ ገባኝ፣ እንግዳ ያደረግኩት ደግሞ ራሴን በራሴ ነው።

ረጅሙ ማረፉን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። በሱ ቦታ ልጁ ተቀምጧል፣ 17 ዓመቱ ነው፣ የአባቱን ተራ እሱ ነው አሁን የሚያወጣ። ሲስቅ ጥርሱ ቁርጥ አባቱን። ብዙ ላወራው ፈልጌ ምንም አላወራሁትም።

ቄሱ ጸሎቱን አደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ የቄሱ ሚስት "አፈር ስሆን" እያለች ታጎርሰኛለች። ከዛ ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ፣ ደብተሩን አወጣ። በፌስታል የተጠቀለለ ባለ 50 ቅጠል ደብተር፣ ጠርዙ በልቷል፣ የጭስ ሽታ አለው። ሳየው አወቅኩት። በ1993 ማኅበሩን ስንጀምር የአሥራ ሁለታችንን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሰማያዊ ቢክ፣ ወሩን ከግራ ስሙን ከቀኝ አድርጌ። ኅዳርን እኔ ነበርኩ የወሰድኩት፣ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ወጪው ይከብዳል፣ ሰው ይበዛል፣ ጎረምሳ ነበርኩና ትልቁን ለኔ ስጡኝ ብዬ።

ሙሴው የቀጣዩን ወር ተረኛ ሲያነብ አንገቴን አስግጌ ገጹን አየሁ። ኅዳር ላይ የኔ ስም እንዳለ ነው። ከጎኑ በተለያየ ሰው እጅ፣ በተለያየ ቀለም ተጽፏል፣ 2001 ልብስ ሰፊው፣ 2002 ቄሱ፣ 2003 አስተማሪው፣ እንደዛ እያለ እስከ 2015 ይወርዳል። ረጅሙም አለበት፣ ከማረፉ በፊት ባለው ዓመት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ተራህ ነዋ" አለ ሙሴው።

"እኔ እኮ አልነበርኩም።"

"አንተ ባትኖር ስምህን ማን ይሰርዘዋል?"

እታለም፣ አሥራ አምስት ኅዳር። የየራሳቸውን አንድ ወር አውጥተው በላዩ ላይ የኔን በየዓመቱ ሲፈራረቁበት ኖረዋል። ሁለት በዓል በአንድ ዓመት ማውጣት ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለኔ አትነግሪኝም። ለምን አልነገራችሁኝም ስል ቄሱ ምን አለኝ መሰለሽ፣ "ብንነግርህ ብር ትልካለህ፣ ብር ከላክህ አንተ አገር ቤት ሰው ቀጥረህ አሠራህ ይባላል እንጂ እኛ ለወንድማችን ያዝንለት አይባልም።" አስተማሪው ደግሞ ቀበል አርጎ "ጌሾውንና ብቅሉንማ እህቱ ናት የምታመጣልን፣ እናቱም ዳቦውን ትጋግራለች" አለ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። በየኅዳሩ ስደውልልሽ "ደከመኝ፣ እንግዳ ነበረብን" የምትይኝ ለካ ለዚህ ነበር። እምዬ በዛ ጉልበቷ ዳቦ ስትደፋ!

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ልብስ ሰፊው ጠላውን እየቀዳልኝ (ያኔ አንቱታው ጠፍቶ አንተ ማለት ጀምሮ ነበር) "እንደውልልህ ነበር እኮ፣ ጸሎቱን እንድትሰማ ስልኩን ክፍት አድርገን፣ አታነሳም፣ ሌሊት ይሆንበታል ተኝቶ ነው እንላለን" አለኝ። ሁሉም "አዎ ሌሊት ነው፣ ምን ያድርግ" አሉ፣ ለኔ ተከራከሩልኝ።

አልተኛሁም ነበር እታለም። እዛ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን እዚህ ያን ወቅት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ እኔ የሌሊት ሽፍት ነው የምሠራው፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አውጥቼ አየዋለሁ፣ 251 የሚል ቁጥር ነው፣ የማላውቀው። ብር ሊጠይቁኝ ነው ብዬ መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ። አንድ ዓመት ብቻ አይዶለም። ቀኑን እንኳን አላስተዋልኩትም፣ ኅዳር 12 መሆኑን። ያን ሰሞን የቤት ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ለናንተም የምልከው እየተደራረበብኝ ልቤ ጠቦ ነበር፣ ግን ይሄን እንደ ምክንያት አልነግርሽም፣ ስልክ ማንሳት ብር አያስወጣም። አሥራ አንድ ሰው ስልክ ከበው ጸሎት ሊያሰሙኝ ሲጠብቁ እኔ ስክሪኑን ወደ ታች ገልብጬ ሥራዬን ቀጠልኩ። እነሱ ፊት ይህን ለመናገር አፌ አልታዘዝ አለኝ፣ ራሴን ነቅንቄ "አዎ ሌሊት ነው" አልኩ። ዋሸኋቸው። ቄሱን ብቻውን ሳገኘው እናዘዝለታለሁ ብያለሁ፣ እስከዛ ግን አንቺ እወቂው።

ያን በሻንጣ ይዤ የወጣሁትን ሸሚዝና ጫማ ሰጠኋቸው፣ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፣ መረቁኝ። እኔ ግን እያንዳንዱን ሳወጣ እጄ ይከብደኝ ነበር። ስወጣ የቄሱ ሚስት በከረጢት ጊብጦ ሰጠችኝ፣ የተቆላ፣ ምሬቱ እንዲወጣ ገና ያልተነከረ። "እዛ ወንዝ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ የእሷን ከበራፋቸው ሥር ባለው ወንዝ ውስጥ በጆንያ አስራ ድንጋይ ጭናበት አሳየችኝ፣ ልክ አማቷ ያደርጉት እንደነበረው።

ይሄንን ስጽፍልሽ ጊብጦው እዚህ ኩሽና ውስጥ ድስት ላይ ተነክሯል። ወንዝ የለም፣ ሥራ ከመሄዴ በፊትና ስመለስ ውኃውን እደፋና ሌላ እቀይርለታለሁ። ትናንት አራተኛ ቀኑ ነበር፣ አንዲት ፍሬ ልጬ ቀመስኩት፣ አሁንም ይመራል፣ ግን መጀመሪያ ቀን እንደነበረው ምላስ አያስርም። ቢጫው ውኃ እየነጣ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አለቃዬን አናግሬ ለመጪው ኅዳር ሦስት ሳምንት ፈቃድ አስፈርሜአለሁ፣ ኦቨርታይም እየሠራሁ ትኬቱን አወጣለሁ። ተራዬን ራሴ ነው የማወጣው። ጌሾውን አትግዢ፣ እኔ መጥቼ አብረን ገበያ እንወጣለን፣ ጤፉንም እንደዛው። እምዬ ዳቦውን እንዳትደፋ፣ ቁጭ ብላ ታሳየኝ፣ እኔ አቦካለሁ። ለሙሴው ብቻ ንገሪው፣ የ2016 ኅዳር ላይ የሌላ ሰው ስም አስቀድሞ እንዳይጽፍ። ለቄሱና ለልብስ ሰፊው እኔው እደውላለሁ። ለረጅሙ ልጅ ደግሞ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ የጎደለው ካለ ጠይቂልኝ፣ በኔ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይሁን።

እስከዛው በየወሩ በ12፣ ጸሎቱ ሲጀመር፣ ይደውሉልኝ በያቸው። አሁን በጋው ስለገባ ሰዓቱ እዚህ ሌሊት 10 ይሆናል፣ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ነው ወደ 9 የሚመለሰው። ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ይዤ እጠብቃለሁ።

እምዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣ ከዴንቨር
ሚያዝያ 2015