ከቅባቱ በፊት የሚጠይቀኝ ባገኝ ኖሮ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጸጉራቸው የሳሳ ሴቶች ምን ምን ቢቀቡ እንደሚሻላቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ቅባት፣ ቅባት፣ አሁንም ቅባት። እኔ የ51 ዓመት ሴት ነኝ። በዚያው መንገድ ሄጄ አንድ ዓመት ከሁለት ወር አባክኛለሁ።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው ልጄ ናት። ከወንበሬ ኋላ ቆማ «እማዬ፣ ጸጉርሽን የምትከፍይበት መስመር ሰፍቷል» አለችኝ። በስልኳ አንስታ አሳየችኝ። ከፊት ያለው እንዳለ ነው፤ አናቴ ላይ ግን ቆዳዬ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ከዚያ ወዲያ መብራት ሥር መቀመጥ ተውኩ። ያማከርኩት ሁሉ «ጭንቀት ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ይለኝና አንድ ጠርሙስ ይጠቁመኛል።

በመጨረሻ ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ጸጉሬን ሳትነካ በፊት ጥያቄ አዘነበችብኝ። መርገፍ ከመጀመሩ ሁለት ሦስት ወር በፊት ከባድ ትኩሳት ወይም ቀዶ ሕክምና ነበረዎት? ክብደት በፍጥነት ቀንሰዋል? እናትዎስ? የወር አበባዎ ይበዛል? ይህን የመጨረሻውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በጣም ይበዛ ነበር። ለጸጉር ብዬ የምውጠውን ባዮቲን የሚባል የቫይታሚን ክኒንም ከደም ምርመራው ቀናት አስቀድሜ እንዳቆም ነገረችኝ፤ የታይሮይድን፣ ማለትም የአንገት ዕጢን፣ ውጤት ሊያሳስት ይችላል። ታይሮይዴ ደህና ሆነ። አይረኔ ግን ወርዶ ተገኘ፤ የወር አበባ ሲበዛ አይረን ይቀንሳል።

ለካ ችግሬ ሁለት ነው። አንዱ መርገፍ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር መውደቁ የጤና ነው፤ የእኔ ግን በእፍኝ ነበር፣ ለዚያ አይረን ታዘዘልኝ። ሁለተኛው በዘር የመጣ ነው፣ እናቴም ነበረባት። እዚያ ላይ ጸጉሩ ከመውደቁ ይልቅ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ለእሱ ሚኖክሲዲል የሚባል አናት ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር አሉ፣ የሚወስዱት ሰዎች ጸጉር ሲያበቅሉ ነው ነገሩ የታወቀው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ መርገፉ ባሰ። ሐኪሟ አስቀድማ ባትነግረኝ ጠርሙሱን እጥለው ነበር። ለውጥ ያየሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ልጄ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታደርግልኝ። ካቆምኩት ያገኘሁት ጸጉር መልሶ ይጠፋል። ግንባሬ ላይም ትንሽ አብቅሎብኛል፣ ሲንጠባጠብ ሳልጠርገው ቀርቼ!

የግንባርና የጆሮ ዳር ጸጉር በጥብቅ ጉንጉን ሲሳሳ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጉንጉኑ ቶሎ ከላላ ጸጉሩ ይመለሳል፤ ሥሩ ጠባሳ ከያዘ ግን አለቀ።

የእህቴ ልጅ ከወለደች አራተኛ ወሯ ነው። ማበጠሪያዋ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ «አክስቴ፣ ያንን ጠብታ ስጪኝ» ትለኛለች። አልሰጠኋትም። ታጠባለች፤ ደግሞም ከወሊድ በኋላ የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። መስመሯን ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ልጇ ዓመት ሲሞላው እናያለን።

አንባቢያችሁ