ለዳጉሳው ጠላ ነጥቡ ይለይለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ቢራ ዓይነቶች የወጣውን ጽሑፍ መጀመሪያ የጎረቤቴ ልጅ አነበበልኝ፤ ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ራሴ ሁለት ጊዜ ደገምሁት። ጸሐፊው ሰባት ቢራ ቀምሶ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቷል። የመጠጡን መልክ፣ ሽታውን፣ አረፋው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሳይቀር መዝግቧል። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብሁት። መጨረሻው ላይ ግን «ጠላ» የሚል አንድ መስመር ገብቷል፤ ከአምስት ሁለት። ምክንያቱም «ድፍርስ ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ይኮመጥጣል» የሚል ነው። ጠላው የየት አገር እንደሆነ፣ ከምን እህል እንደተጠመቀ፣ በስንተኛው ቀን እንደተቀዳ አልተጻፈም።

እኔ በፍኖተ ሰላም ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠላ ጠምቄ የሸጥሁ ሴት ነኝ። አራት ልጆች ያሳደግሁት በጋን ነው። ያቺ አንዲት መስመር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳችኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ቢራ የማያውቅ ሰው ያጉረመረመ እንዳይመስላችሁ ከዚህ ልጀምር። ሁለተኛው ልጄ ጀርመን አገር ይኖራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትንሣኤ ሲመጣ ከልብሱ ይልቅ ጠርሙስ የበዛበት ሻንጣ ይዞ ገባ። «እማየ፣ ያንቺን ምላስ አምናለሁ፤ እነዚህን ቅመሽና ፍረጂልኝ» አለኝ። ወረቀትም ይዟል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመ፣ የቢራ ዳኞችን እየፈተነ የሚያስመርቅ ድርጅት የሚጠቀምበት መመዘኛ ነው አለኝ። ጠቅላላው 50 ነጥብ ነው፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። ለመልክ 3 ብቻ መመደቡን ሳይ ወረቀቱን ወደድሁት። እናቴም እንደዚያ ነበረች። አስቀድማ በጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ታሸት ነበር፤ ዓይኗን የምታሳርፍበት መጨረሻ ላይ ነው።

በዳግማ ትንሣኤ ማግስት አራት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ልጄ፣ እንደኔው ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤቴና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር። ያን ቀን ጠዋት ቡና አላፈላሁም፤ በርበሬ የነካው ምግብም አላቀረብሁም፤ በየመሀሉ ለአፍ ማጠቢያ ደረቅ ቂጣና ውኃ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተቀዳው ወርቅማው ፒልስነር ነው። ቼክ አገር፣ ፒልዘን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 የተጀመረ ዓይነት ነው። እኛ አገር በጠርሙስ የምንጠጣው አብዛኛው ቢራ፣ ጊዮርጊስም ዳሽንም ሀበሻም፣ የዚሁ ዘመድ ነው፤ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚፈላ፣ እርሾው ከታች የሚሰፍር። ንጹሕ ነው፣ ምሬቱም ልክ ነው። 36 ሰጠሁት።

ሁለተኛው የስንዴ ቢራ ነበር። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ሙዝ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ቅርንፉድ። «ምን ጨመሩበት?» ብዬ ጠየቅሁት። ምንም አልተጨመረበትም፤ ያን ሽታ የሚያወጣው እርሾው ራሱ ነው አለኝ። ልጄ ጠርሙሱን መጨረሻ ላይ ወዝወዝ አድርጎ ዝቃጩን ጭምር ቀዳው። መጠጡ ደፈረሰ። «ይህ ነጥብ አያስቀንስበትም?» ስለው፣ ድፍርስነቱ የዓይነቱ ምልክት ስለሆነ ጠርቶ ቢመጣ ነው ዳኛው የሚጠይቀው አለኝ። ይህን ነገር ጸሐፊያችሁ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። የስንዴው ቢራ ሲደፈርስ ባሕርይው ነው ከተባለ፣ ጉሽ ጠላ ሲደፈርስ ስለምን ጥፋት ይሆንበታል? ጉሽ ገና ያልጠለለ ጠላ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። የጠራ ጠላ የፈለገ ሰው እስኪጠል ድረስ ይታገሣል።

ሦስተኛው ጥቁሩ፣ ስታውት የሚሉት ነው። ጎረቤቴ ጥቁረቱን አይታ ጠንካራ መስሏት ብርጭቆዋን ገፋች። ጥቁረት ግን የአልኮሉን መጠን አይናገርም፤ ገብሱ ምን ያህል እንደተቆላ ብቻ ነው የሚናገረው። ቀምሳ ስታበቃ «ይህ የአሻሮ ሥራ ነው፤ አሻሮው ሊያር አንድ እፍኝ ጊዜ ሲቀረው ከምጣድ ያወረደ ሰው የሠራው ነው» አለች። ልጄ ወረቀቱ ላይ ቃል በቃል ጻፈላት። ሐረር ቢራ ፋብሪካም ሐኪም ስታውት የሚባል የዚህ ዓይነት ጥቁር ቢራ እንዳለው መምህሩ ነገሩን። 38።

አራተኛውን ሲከፍተው ቤቱ ተለወጠ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። መምህሩ «ቋንጣ ቋንጣ ይላል» ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡት። እኔን ግን የሸተተኝ የእናቴ ጋን ነው፤ በቅዳሜ ጠዋት፣ ከታጠነ በኋላ፣ ገና ምንም ሳይገባበት። ይህ ቢራ ጀርመን አገር ባምበርግ በምትባል ከተማ የሚጠመቅ የጭስ ቢራ ነው። ብቅሉን የሚያደርቁት በእንጨት እሳት ላይ ነው፤ ጭሱ እህሉ ውስጥ ይገባና እስከ ብርጭቆው ድረስ ይመጣል። ዱሮ በአውሮፓ ብዙው ብቅል በእሳት ላይ ይደርቅ ስለነበር የጭስ ሽታ የብዙ ቢራ ጠባይ ነበር። ጭስ የማያስነካ ማድረቂያ ሲመጣ ሌላው ተወው፤ የባምበርግ ጠማቂዎች ጠበቁት። ዛሬ በዓለም ውድድር ላይ የጭስ ቢራ የራሱ ምድብ አለው። ዳኛው «ጭስ ይሸታል» ብሎ ነጥብ አይቀንስበትም፤ የሚመዝነው ጭሱ ጥሩ ጭስ መሆኑን ነው። እኔ 44 ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የማውቀው ነገር ይህ ነውና። እነርሱ እህሉን ያጥናሉ፣ እኛ ዕቃውን እናጥናለን። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ በብዙ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ይደፋል። ወይራው ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ የሚያወጣው ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት የገባበት ጠላ ጉሮሮ ላይ ይቧጥጣል። ጥሩ ጭስ መጠጡን ከዋጣችሁት በኋላ በአፍንጫችሁ በኩል ቀስ ብሎ ይመጣል። ክፉ ጭስ አፋችሁን ሳትነኩት ይቀድማችኋል። እናቴ የጋኑን ውስጥ በመዳፏ ታብስና መዳፏን ታሸት ነበር፤ ሽታው ቶሎ ከጠፋ ዳግመኛ ታጥነዋለች። ጸሐፊያችሁ «ጭስ ጭስ ይላል» ሲል የትኛው ጭስ ነው? ይህን ሳይለዩ ፍርድ መስጠት እህሉን ከገለባው ሳይለዩ ሚዛን ላይ እንደ ማውጣት ነው።

አምስተኛው ኮምጣጣ ነበር። ላምቢክ ይባላል፤ ቤልጅግ አገር ብራሰልስ አካባቢ ይጠመቃል። እርሾ አይጨመርበትም፤ ከአየሩና ከእንጨት በርሜሉ በሚያገኘው እርሾ ይፈላል። እኔም ዕድሜ ልኬን እርሾ ገዝቼ አላውቅም። ጌሾው፣ ብቅሉና ጋኑ ይበቃሉ። የላምቢኩ ኩምጣጤ ለእንግዳ ምላስ ይከብዳል፤ መምህሩ ፊታቸውን አጨማደዱ። ኩምጣጤ ግን ሁለት ነው። አንዱ የእርጎ ነው፣ ለስላሳ፣ ምራቅ የሚያመጣ፤ ይህ በጠላ ውስጥ በልኩ ሲኖር ያምራል። ሌላው የሆምጣጤ ነው፣ አፍንጫ የሚወጋ፤ ይህ የሚመጣው ጋኑ በደንብ ሳይከደን አየር ሲያገኝ ነው። የመጀመሪያውን የሠራች ሴት ባለሙያ ናት፤ ሁለተኛውን የሸጠች ሴት ግን ልትወቀስ ይገባታል። «ይኮመጥጣል» የሚለው ቃል ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቀብራቸዋል።

በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ለጠላ አዋልነው። ከፍኖተ ሰላምና ከአካባቢው አምስት ጠላ ሰበሰብን። እኛ ጎጃሞች እህላችን እንደ መሬታችን ይለያያል፤ ጠላችንም እንደዚያው ነው። በእኛ በጃቢ ጠህናንና በቡሬ በኩል በቆሎ ይበዛል፤ በሜጫ በኩል ዳጉሳ ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጡ ገብስ፤ ወደ ቢቸና ሲያልፉ ጤፍ። የበቆሎ ጠላ ነጣ ይላል፣ ጣፈጥ ይላል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ለራሴ የበቆሎ ጠላ 34 ሰጠሁት፣ ጎረቤቴ 31። የገብሱ ቀለል ያለ ነው፤ ለደቦ ቀን፣ ፀሐይ ላይ ለዋለ ሰው እርሱን የሚያህል የለም። ዳጉሳው ደግሞ ቀይ ዳማ ነው፤ በአፍ ውስጥ ክብደት አለው፤ የጌሾው ምሬት ከሥር ይቆያል፤ ከጠለለ በኋላ በብርጭቆ ቢቀዳና ወደ ብርሃን ቢያዙት እንደ ማር ጠጅ አሳልፎ ያሳያል። አራታችንም ሳንነጋገር ከ40 በላይ ሰጠነው። ከተሰበሰቡት አንዱ ግን 19 አገኘ። የማን እንደነበር አልናገርም፤ ጋን ሳይሆን ቀለም ይገባበት በነበረ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ የተጠመቀ ነው፤ ከዳር ሆኖ ይታወቅ ነበር።

ሥራውን ለማያውቁት ደግሞ ይህን ልጨምር። ገብሱ ውኃ ጠጥቶ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቅሎ፣ ደርቆ ብቅል ይሆናል። የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ ከብቅሉና ከውኃው ጋር ይጠነሰሳል። ቂጣው ተጋግሮ ተቆራርሶ ይገባል፤ እንኩሮውና የጌሾ እንጨቱ ይከተላሉ። ያ ድፍድፍ ነው። ድፍድፍ ሲፈላ ይሰማል፤ ጆሮ ጋኑ ላይ ሲለጠፍ እንደ ዝናብ ይንጫጫል፤ ድምፁ ሲቀንስ ውኃው ይጨመርና ይከደናል። ከዚያ ጉሹ፣ ከጉሹ በኋላ የጠለለው፣ መጨረሻ ላይ በድጋሚ ውኃ የሚጨመርበት ቅራሪ። አተላው የከብቶች ነው። ቅራሪን ቀምሶ «ጠላ ቀጭን ነው» ማለት በሁለተኛ ውኃ የፈላን ቡና ጠጥቶ የቡናውን ዛፍ እንደ መውቀስ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለክብር ብቻ አይደለም። በከተማችን በንጹሕ ጋን፣ በተለቀመ እህል፣ በደረቀ ጌሾ የምትጠምቅ ሴት ጣሳዋን የምትሸጠው በፕላስቲክ በርሜል፣ በስኳር፣ በሦስት ቀን ካደረሰችው ሌላ ሴት ጋር በአንድ ዋጋ ነው። ጠጪው ሁሉን «ጠላ» ይለዋል፤ ጋዜጣም ሁሉን «ጠላ» ካለው የመጀመሪያዋ ሴት ለምን ትደክማለች? እኔ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጎበዝ ጠማቂዎች ወይራ ማጠን ሲተዉ አይቻለሁ። ወይራ ውድ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ የሚያመሰግነው ሰውም የለም። ነጥብ ከተሰጠ በዓይነቱ ይሰጥ፤ ያን ጊዜ የዳጉሳዋ ጠማቂ ዳጉሳዋን፣ የገብሷ ገብሷን ይዛ ትወዳደራለች፤ ጉሹም ከጉሽ፣ የጠለለው ከጠለለው ጋር ይመዘናል። ጎንደሮችም ኮረፌያቸውን ከዚህ ጋር አታዛንቁብን ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ሌላ መጠጥ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊያችሁን ወደ ፍኖተ ሰላም ላኩልኝ ስል ከልቤ ነው። ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያሳውቀኝ፤ ጥንስሱ ጊዜውን ካላገኘ አልከፍተውም። የዳጉሳውን አንድ ጋን በወይራ አጥኜ አስቀምጣለሁ፤ የበቆሎውን ጎረቤቴ ታዘጋጃለች። በመጣበት ቀን ጉሹን ይቅመስ፣ አድሮ በማግስቱ የጠለለውን ይቅመስ። ያን ቀን ጠዋት ቡና እንዳይጠጣ፤ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፣ ልጄ ትቶልኝ የሄደው ገና ሃያ ያህል ባዶ ቅጽ ቀርቶታል።

አክባሪያችሁ፣
ጠላ ጠማቂዋ፣ ከፍኖተ ሰላም