ድሬዳዋ፣ ለገሃር ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ

አቦ አለህ ወይ? አራት ዓመት ጠፍቶ ዛሬ ብቅ ያለው ገንዘብ ሊበደር ነው እንዳትል፣ አይደለም ሃሃ። ያኔ ሳትነግረኝ በመሄድህ አኩርፌ ነበር፣ ኩርፊያው ሲያልፍ ደግሞ አፈርኩ፣ እንደዛ እያልኩ ጊዜው ሄደ።

ትላንት ከዚራ ጉዳይ ነበረኝ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያቺ ትንሽዬ አትክልት ቦታ ዛፍ ስር ተጠጋሁ። መጠኗን ታውቃለህ፣ ከዚህ ጫፍ ድንጋይ ብትወረውር ማዶ ባጃጅ ትመታለህ። ከጎኔ አንድ የባቡር ጡረተኛ ሽማግሌ ነበር (እኛ ጋ መቼም አንቱ የለም) ወሬ ጀመርን። እሱ እንደነገረኝ ሐዲዱ ሐረር ነበር መግባት ያለበት፣ ተራራውና ወጪው አልቻል ሲል በ1895 እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፣ ከተማዋንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር ያሏት፣ ከዛ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ለዓመታት መጨረሻው ጣቢያ እኛ ሆንን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በዛ መሀል ቡናውና ቆዳው በግመል በበቅሎ እየመጣ እዚህ ይጫናል፣ ግሪኩ አርመኑ የመኒው ህንዱ ሱቅ ይከፍታል፣ ከዚራ መንገዱ በማስመሪያ ተሰምሮ ሲሰራ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ እንደፈለገው ተጠማዞ አደገ።

ከዛ ያን ቀይ አበባ የሚያወጣውን ዛፍ አሳየኝና "ይሄን አገሩ ሁሉ የድሬዳዋ ዛፍ ይለዋል፣ ግን የማዳጋስካር ነው" አለኝ። ወላሂ አላመንኩትም፣ ስልኬን አውጥቼ ሳይ ልክ ነው! እሱም መጤ ነው ለካ፣ እንደ አያቶቻችን።

እያወራኝ በየመሀሉ ሰዓቱን ያያል። አዲሱ ባቡር በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ እዚህ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ማንን ነው የምትጠብቀው ስለው "ማንንም፣ እጄ ለምዶ ነው" ብሎ ሳቀ።

እኔ ደግሞ አንተ ትዝ አልከኝ። እናትህ ከጅቡቲ ቴምርና ጨርቅ ይዛ ስትመጣ አንድ ፈጢራ ለሁለት እየቦጨቅን እዛች ጋ ስንጠብቃት፣ ባቡሩ ሁሌ ያረፍዳል፣ አንተ ዘይት በነካው እጅህ ሸሚዜን ይዘህ "መጣ መጣ" ትላለህ፣ የለም። አንዴማ ካርቶኑ ተቀዶ ቴምሩ መሬት ለመሬት ሲበተን ከአቧራው እያነሳን የበላነው ትዝ ይልሃል?

ለማንኛውም ቁጥሬ ተቀይሯል፣ በዚህኛው ደውል። የእናትህ ጉልበት እንዴት ሆነ? ሰላም በላት።