በረራ ከመያዙ በፊት ሁለተኛው መንገድ ይዘጋጅ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች በገዛ አውሮፕላናቸው ወይም በተከራዩት አውሮፕላን ሕሙማንን ሩቅ ወዳለ ሐኪም ቤት በነፃ ሲያመላልሱ፣ የሚወራው ስለ ተሳካው በረራ ነው። እኛ ይህን ሥራ ከምድር የምናስተባብርና አውሮፕላኑን የምናበር ሰዎች ግን ስለ ተሰረዘው በረራ መጻፍ ፈለግን። ታካሚው በአየር መሄድ ካልቻለ በምን ይሄዳል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ካልተመለሰ፣ ጥያቄው ተንከባሎ የሚያርፈው ጠዋት ደመና እያየ ማኮብኮቢያው ዳር በቆመው አብራሪ ላይ ነው። ይህ ሸክም ሰው ገድሏል። ስለዚህ የአውቶቡስ ወይም የመንገደኛ አውሮፕላን ትኬት፣ አለዚያም መኪና ሳይዘጋጅ የበጎ ፈቃድ በረራ መያዝ የለበትም እንላለን።

በቅድሚያ ይህ በረራ የአየር አምቡላንስ አለመሆኑ ይታወቅ። ነርስ የለውም፣ አልጋ የለውም። አየር ላይ ሳሉ ሕመም ቢነሣ አብራሪው ማድረግ የሚችለው ቅርብ ወዳለው ማረፊያ መውረድ ብቻ ነው። የሚሳፈረው ሰው ሕመሙ የተረጋጋ፣ ቀበቶ ታጥቆ እስከ መጨረሻው ቀና ብሎ መቀመጥ የሚችል መሆን አለበት። «መራመድ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። እንደ ፓይፐር ቼሮኪ ያሉት ክንፋቸው ከታች የሆነ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ በቀኝ በኩል አንድ በር ብቻ ስላላቸው፣ ተሳፋሪው ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ዳሌውን ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ክንፉ ከላይ የሆነው ሴስና ይሻለዋል። እግሩ እስከ ጭኑ በጄሶ የታሰረ ሰው ግን በሁለቱም ይቸገራል። ሽንት ቤት እንደሌለም አስቀድሞ ይነገረው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የሚውጥበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ፤ ይህን የሚያስታውስ አስተባባሪ ጥቂት ነው።

የሐኪሙ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት «መብረር ይችላል» ብቻ ተብሎ መጻፉ ነው። ሐኪሙ ሲፈርም በሐሳቡ ያለው ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ውስጥ የአየር ግፊቱ አይጠበቅም፤ ውጭ ያለው ግፊት ውስጥም አለ። 8,000 ጫማ ወይም 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሰውነት ውስጥ የታሰረ አየር በባሕር ጠለል ከነበረው በሲሶ ያህል ይሰፋል። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር ያለበት፣ በዓይን ቀዶ ሕክምና ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተሞላለት፣ በቅርቡ ሆዱ ወይም ጭንቅላቱ የተከፈተ ሰው በዚህ ከፍታ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደም ማነስ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ደግሞ በኦክስጅን እጥረት ይጎዳል። በወረቀቱ ላይ «ግፊት በማይጠበቅበት ትንሽ አውሮፕላን፣ እስከ ይህን ያህል ጫማ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ቁጥሩንም አብራሪው ካሰበው መስመር አይቶ አስቀድሞ ይስጥ።

ወደ ክብደት እንምጣ። ብዙ ሰው አራት ወንበር ያለው አውሮፕላን አራት ሰው ከነሻንጣው የሚጭን ይመስለዋል። ሴስና 172ኤስን እንይ። ሲነሣ ከ1,157 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ባዶው ከነመሣሪያው 770 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለነዳጅ፣ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 385 ኪሎ ያህል ነው። ታንከሩ ሲሞላ ለበረራ የሚውለው ነዳጅ 200 ሊትር፣ በክብደት 144 ኪሎ ነው። የሚተርፈው 240 ኪሎ ሲሆን፣ አብራሪው፣ ታካሚውና አስታማሚው እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ ቢሆኑ ያው አለቀ፤ ለሻንጣ ምንም የለም። መፍትሔው ነዳጅ መቀነስ ነው። 120 ሊትር ሲቀዳ 58 ኪሎ ያህል ነፃ ይወጣል። ሞተሩ በሰዓት 36 ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ፣ 120 ሊትር ከሦስት ሰዓት ትንሽ ያለፈ ያስኬዳል። ከዚህ ላይ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ሲቀነስ እውነተኛው በረራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በርቀት 440 ኪሎ ሜትር አካባቢ። መድረሻው ከዚያ በላይ ከራቀ መሐል ላይ ወርዶ መቅዳት ወይም መስመሩን ለሁለት አብራሪዎች ማካፈል ግድ ነው። ቀኑ ሞቃት፣ ማረፊያው ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ፤ በወረቀት የተፈቀደውን ክብደት ማኮብኮቢያው ላይፈቅደው ይችላል።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚበላሸው በአንድ የስልክ መልስ ነው። ሰዎች ኪሎአቸውን ሲጠየቁ ካርዳቸው ላይ የተጻፈውን የቆየ ቁጥር ይናገራሉ ወይም አፍረው ይቀንሳሉ። አስታማሚዋ እህት ትሆናለች ተብሎ በማግስቱ በአርባ ኪሎ የሚበልጥ ወንድም ይመጣል። ስለዚህ ታካሚውም አስታማሚውም ከነልብሳቸውና ከነጫማቸው ይመዘኑ፣ አስታማሚው ከተቀየረ አብራሪው በዚያው ቀን ይነገረው። ሻንጣው የሚተጣጠፍ ለስላሳ ቦርሳ ይሁን። ክብደት ወደ ኋላ ሲበዛ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ላይ ማንሣት ይቀናዋል፤ በዚህ ላይ ፍጥነቱ ቢወርድ ማስተካከል ይከብዳል። ተጣጣፊ ዊልቸር በዕቃ በሩ መግባቱ ጠዋት ላይ ሳይሆን ከሳምንት በፊት በሜትር ተለክቶ ይታወቅ።

ከክብደት ስሕተት ይልቅ የምንፈራው ግን ደመናን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርጎ ሲያበሩ ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 በደቡብ አውስትራሊያ ከማውንት ጋምቢየር አንድ በጎ ፈቃደኛ ታካሚና አስታማሚ ጭኖ በዝቅተኛ ደመና ተነሣ፤ ብዙም ሳይርቅ አውሮፕላኑ ወድቆ ሦስቱም ሞቱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ እንዲህ ያሉ በረራዎች ከሌሎች የግል በረራዎች ይልቅ ለሞት አደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጾ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ባለበት መስመር ትኬት መግዛት ቢታሰብ እንደሚሻል መክሯል። ምክሩ በዚህ ሥራ ያሉትን ብዙዎች አላስደሰተም። እኛ ግን ትክክል ነው ብለን እንቀበለዋለን፤ ዓላማው ታካሚውን ማድረስ ከሆነ፣ ክንፉ የማን መሆኑ ልዩነት የለውም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ከደረሱ አደጋዎች በኋላ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርዱ፣ የአብራሪው ብቃት ከእያንዳንዱ በረራ በፊት እንዲጣራና ተሳፋሪው ይህ በረራ በንግድ በረራ መለኪያ እንደማይካሄድ አስቀድሞ እንዲነገረው ጠይቋል።

ታዲያ ልምድ ያለው ሰው ደመና እያየ ለምን ይነሣል? ከኋላው የተቀመጠችው ልጅ ይህን ቀጠሮ ካጣች ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ እንደሆነ ስለተነገረው ነው። ስለዚህ የሕመሙ ዓይነትና የቀጠሮው ክብደት ለአብራሪው አይነገሩ። እሱ የሚያስፈልገው ኪሎ፣ የሐኪሙ ፈቃድና ሲሳፈሩ የሚፈልጉት እገዛ ነው። አብራሪው፣ አስተባባሪው ወይም ታካሚው፣ ማንኛቸውም ምክንያት ሳይጠየቁ በረራውን መሰረዝ ይችሉ። አስተባባሪ «እስቲ ትንሽ ጠብቀህ እየው» ማለት የለበትም።

ውሳኔው የሚሰጥበትን ሰዓት የሚወስነው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀጠሮው ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ነው እንበል፤ መኪና ደግሞ 9 ሰዓት ይፈጃል። ታካሚው አድሮ በጊዜ እንዲገኝ ማክሰኞ ቀን 6 ሰዓት ላይ መነሣት አለበት። እንግዲህ በረራው ይኑር አይኑር የሚወሰነው ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ረቡዕ ሲነጋ አይደለም። በዚያ ሰዓት ትንበያው ካጠራጠረ ይሰረዝ፤ መኪናው ይነሣ። ረቡዕ ሰማዩ ጠርቶ ቢነጋ እንኳ ውሳኔው ትክክል ነበር። መኪናውን ማን ይነዳል፣ ነዳጁን ወይም ትኬቱን ማን ይከፍላል፣ ታካሚው የት ያድራል የሚሉት በረራው በተያዘበት ቀን ተጽፈው ይቀመጡ። ሁለተኛ መንገድ ፈጽሞ ከሌለ ሐኪም ቤቱ አስቀድሞ ይደወልለትና በአየር ጠባይ ምክንያት ቢቀር ቀጠሮውን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚተካ ይጠየቅ።

በገንዘብ መርዳት የሚፈልጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት የነዳጅ ወጪን ነው። እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በአሜሪካ የግል ፈቃድ ያለው አብራሪ ተሳፋሪ አስከፍሎ መጫን አይችልም፤ ለእንዲህ ያለ በረራ የነዳጅ ማካካሻ እንዲቀበል በቅድመ ሁኔታ የፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ ነው። ከነዳጁ ይልቅ ግን የሚጎድለው ለተሰረዘ በረራ ምትክ ትኬት መግዣና የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነው። ለዚህ የተቀመጠ ገንዘብ ካለ አብራሪው «ዛሬ አልበርም» ለማለት አይከብደውም።

የመልሱም ጉዞ እንደ አዲስ ይታሰብ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የሚመለስ ሰው ሲሄድ የነበረው ሰው አይደለም፦ ሆዱ ውስጥ አየር ሊኖር ይችላል፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወስዳል፣ በስቴሮይድ ሕክምና የቆየ ከሆነ ኪሎው ጨምሯል፣ ክንፍ ላይ የወጣበት እግር አሁን ላይታጠፍ ይችላል። የመጀመሪያው የሐኪም ወረቀት ለመልሱ አይሠራም። አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ሚዛን፣ ለዚያም ጉዞ የራሱ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልገዋል። ከሐኪም ቤት የሚወጣበት ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚገፋ፣ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት አስተባባሪው ለተኛበት ክፍል ደውሎ የመውጫ ወረቀቱ መፈረሙን ያረጋግጥ።

ከአክብሮት ጋር
በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎችና የበረራ አስተባባሪዎች