ኦድሪ ሄፕበርንን ረሳችኋት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሑድ በጦርነት ጊዜ ስለዘመቱ የሆሊውድ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ነው ያነበብኩት። ጄምስ ስቱዋርት በፈረንጆቹ 1941 ኦስካሩን በተቀበለ ሰሞን ወታደር ቤት ገብቶ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ማብረሩ፣ ክላርክ ጌብል ሚስቱ በአውሮፕላን አደጋ ከሞተች በኋላ መዝመቱ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ዩኒፎርም ያልለበሰ ሰው አጣችሁ እንዴ?

ኋላ የሆሊውድ ኮከብ የሆነችው ኦድሪ ሄፕበርን ያኔ ተዋናይ አልነበረችም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጀርመኖች ሆላንድ ሲገቡ 11 ዓመቷ ነበር። አርንሄም ከተማ ባሌት ትማራለች። ኋላ ላይ ለአርበኞቹ ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ መስኮት ተዘግቶ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ሰው ቤት ውስጥ ትደንስ ጀመር። ተመልካቹ ታዲያ አያጨበጭብም። ውጭ ያለው ጀርመን ይሰማላ! ፀጥ ብሎ አይቶ፣ ገንዘቡን ሰጥቶ ሹልክ ይላል።

አድናቂዎቿ የሚሸፋፍኑትን አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እናቷ ከጦርነቱ በፊት ሂትለርን የሚያሞግስ ጽሑፍ ጽፋ ነበር። በ1942 ጀርመኖች የኦድሪን አክስት ባል ሲረሽኑ ነው ነገሩ የተገለበጠው።

በ1944 መስከረም የሆላንድ ባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጀርመኖችም በአጸፋው ወደ ምዕራብ ሆላንድ እህል እንዳይገባ ከለከሉ። በዚያ የብርድ ወራት 20,000 ያህል ሰው በረሃብ አለቀ። ሰው የቱሊፕ አበባን ሥር፣ ያንን ሽንኩርት የሚመስለውን፣ እየፈጨ በላ። ኦድሪም ከዚያው ቀመሰች። ደሟ አነሰ፣ ሰውነቷ አበጠ። በ1945 ሚያዝያ ነጻ ሲወጡ ገና 16 ዓመት አልሞላትም። ከዚያ በኋላ ምግብና መድኃኒት ይዞ የደረሰላቸው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ነው። የዩኒሴፍ አባት ልንለው እንችላለን።

እሺ፣ 43 ዓመት ቆይቶ፣ በእኛ 1980 ዓ.ም.፣ ዩኒሴፍ አምባሳደር አድርጎ መጀመሪያ ወዴት ቢልካት ጥሩ ነው? ወደ እኛ! ያኔ እዚህም ጦርነት ነበር፣ ረሃብም ነበር። መቀሌ ውስጥ 500 ያህል ሕፃናት የተጠለሉበትን ማሳደጊያ ጎበኘች። እኔ የመቀሌ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ትንሽ ስለነበርኩ አላወቅኩም። ማን እንደሆነች የሰማሁት ከዓመታት በኋላ፣ ቪዲዮ ቤት ካሴት ልከራይ ሄጄ ነው። ባለቤቱ የአንዱን ካሴት ሽፋን እያሳየ «ይቺኮ እናንተ ጋ መጥታ ነበር» ሲለኝ እየቀለደ መስሎኝ ነበር።

እዚሁ አገራችን የተነሳችው አንድ ፎቶ አለ። ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን ወደኋላ አስራለች፣ አንዲት ሕፃን ጀርባዋ ላይ አዝላለች፣ ልክ እንደ እናቶቻችን። በሚቀጥለው እትም ብታወጡት ደስ ይለኛል። ቦታ ከጠበባችሁ የጌብልን ፎቶ ትንሽ አሳንሱት፤ ያለፈው ግማሽ ገጽ ይዞ ነበር።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ